የሎወር ኢስት ሳይድ ጨቅላዎች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒው ዮርክ፣ ሎወር ኢስት ሳይድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ሕፃናት በብዛት ይሞቱ እንደነበር ጽፈን ነበር። በ1908 ሳራ ጆሴፊን ቤከር የምትባል ሐኪም 30 ነርሶች ይዛ ሰፈሩ ገብታ ሞቱን እንዴት እንደቀነሰችውም በአጭሩ ነክተናል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥያቄ መጣ። አራቱን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፋችሁን ካነበብኩ በኋላ ኒው ዮርክ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ኦርቻርድ ጎዳና ቁጥር 97 ያለውን የቴኔመንት፣ ማለትም የድሆች ጠባብ የኪራይ ፎቅ፣ ሙዚየም አየሁ። እዚያ ይኖር የነበረ አንድ የአየርላንድ ቤተሰብ በ1869 ዓመት ያልሞላት ሴት ልጁን በምግብ እጥረት ማጣቱን ነገሩን። እኔም እናት ነኝና ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እናቷ አጠገቧ እያለች ሕፃን እንዴት እንዲህ ሆና ትሞታለች? ደግሞስ መቼ ነው የቆመው?
*አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

መልስ፦ እህቴ፣ ያቺ ሕፃን አግነስ ሙር ትባላለች። ሞቷ የተመዘገበው ማራዝመስ በሚል ነው፤ ሰውነት እየሟሟ ሲከሳ ማለት ነው። እናቷ ስላላበላቻት አይመስለኝም። በጣም የሚጠረጠረው ያበላቻት ነገር ነው፤ ወተቱ።

የዚያን ዘመን የኒው ዮርክ ወተት መርዝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከተማው ውስጥ የአረቄ ፋብሪካዎች ነበሩ። ከጎናቸው ላሞች በጠባብ በረት ይታጎራሉ። ከአረቄው የተረፈውን ትኩስ አተላ እየጠጡ፣ ፀሐይ ሳያዩ፣ ቁስላቸው እየመገለ ይታለባሉ። የሚወጣው ወተት ቀጭንና ሰማያዊ የሚመታው ስለሆነ ነጋዴው እንዲነጣና እንዲወፍር ጠመኔና ዱቄት ይቀላቅልበታል። በ1858 የፍራንክ ሌስሊ ሥዕላዊ ጋዜጣ ጉዱን ከነሥዕሉ አወጣው። ሕዝቡ ተንጫጫ። ሆኖም ሽያጩ ለዓመታት ቀጠለ። ወተቱን የሚገዛው ደግሞ ሌላ አማራጭ የሌለው ነው፦ ጡቷ የደረቀ፣ የታመመች፣ ወይም ልጇን ጥላ ሥራ የምትሄድ እናት።

የአተላው ወተት ከቀረም በኋላ ነገሩ አልተስተካከለም። ወተቱ ከገጠር በባቡር ይመጣል፣ መንገድ ላይ ይሞቃል፣ ሱቅ ውስጥ ክዳን በሌለው ቆርቆሮ ይቀመጣል። መንገዱ የፈረስ ፋንድያ ነው። ዝንቡ ከፋንድያው ወደ ወተቱ ይመላለሳል። እናት ትቀዳና ቤት ትወስዳለች፤ ቤቱ ደግሞ ያየሽው ነው። በ1863 ሲሠራ ሦስት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ወደ ውጭ ያለው ለአንዱ ክፍል ብቻ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ። ቧንቧ ቤት ውስጥ የለም። ጡጦውን በምን ውሃ ትጠበው? ወተቱንስ የት ታቀዝቅዘው? በረዶ የሚገዛው ገንዘብ ያለው ነው።

ሐምሌና ነሐሴ እኛ አገር ዝናብና ጭቃ ነው። እዚያ ግን ሙቀቱ የከፋበት ወቅት ነው። ሕፃናቱ በነዚያ ወራት በተቅማጥ ይረግፉ ነበር። ጠዋት የሚስቅ ልጅ በሁለተኛው ቀን ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ቆዳው ተጨማዶ ይገኛል። ዛሬ በየጤና ኬላው ያለው የኦአርኤስ ዱቄት ያኔ አይታወቅም ነበር። ዶክተር ቤከር ራሷ እንደጻፈችው፣ ሥራ በጀመረች ሰሞን ከተማዋ ውስጥ በሙቀቱ ወራት በሳምንት እስከ 1,500 ሕፃናት ይሞቱ ነበር። በሳምንት ነው የምልሽ።

መቼ ቆመ ላልሽው፣ በአንድ ጊዜ አልቆመም። መጀመሪያ ወተቱ ላይ የተነሳ ሰው መጣ። ናታን ስትራውስ የሚባል ሀብታም ነጋዴ፣ የሜሲስ መደብር ባለድርሻ፣ በ1893 በዚያው ሰፈር ወንዙ ዳር የወተት ማደያ ከፈተ። ወተቱ ጀርሙ እንዲሞት ሞቆ፣ በንጹሕ ጠርሙስ ተሞልቶ በትንሽ ሳንቲም ይሸጣል፣ ለሌለው በነጻ ይሰጣል። ብዙ ሐኪሞች እንኳን ወተት ማሞቅን ይቃወሙ ነበር፤ ጥሩነቱን ያጠፋዋል ብለው። ከተማዋ ራሷ ወተት በሙሉ እንዲህ ተደርጎ ይሸጥ ብላ ያስገደደችው በ1910ዎቹ ነው። በሃያ ዓመት መዘግየት ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለቀ ሳስብ ያመኛል።

ቀጥሎ ቤከር። እሷ ቀደም ሲል የተመደበችው የታመሙ ሕፃናትን ቤት ለቤት እየፈለገች እንድታይ ነበር። ፎቅ ለፎቅ ስትወጣ ትውላለች። ስትደርስ ግን አብዛኞቹ ልጆች ማለቂያቸው ነው። ከዚህ ነው ሐሳቡ የመጣላት፦ ልጁ ከታመመ በኋላ መሮጥ ዋጋ የለውም፣ ጤነኛ ሳለ ነው መድረስ። በ1908 ሙቀት ወራት በዚያው በሎወር ኢስት ሳይድ ጣሊያናውያን የሚበዙበትን አንድ አካባቢ መረጠች። የልደት ምዝገባ ክፍሉ ትናንት የተወለዱትን ሕፃናት ስምና አድራሻ በየቀኑ ይልክላታል። ነርሷ በዚያው ቀን አራሷ ቤት ትገባለች። ጡት አጥቢ፣ ጡጦ አትጀምሪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በየቀኑ እጠቢው፣ በዚህ ሙቀት በጨርቅ ጠቅልለሽ አታፍኚው፣ ወደ ማታ ወደ መናፈሻ አውጪው። በቃ፣ ይኼው ነው። መድኃኒት የለው፣ መርፌ የለው። ሙቀቱ ሲያልፍ ሲቆጠር በዚያ አካባቢ የሞቱት ካለፈው ዓመት ከዚያው ወቅት በ1,200 ያነሱ ሆኑ። የቀረው የከተማው ክፍል ግን እንደነበረ ነበር። በዚያው ዓመት የከተማው ጤና መሥሪያ ቤት የሕፃናት ጤና ቢሮ አቋቁሞ ለእሷ ሰጣት። በ1923 ሥራዋን ስትለቅ ኒው ዮርክ ከትልልቆቹ የአሜሪካ ከተሞች ሁሉ የሕፃናት ሞት ዝቅተኛ የሆነባት ነበረች።

ጥያቄ፦ እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጽሑፋችሁን ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ቤከር የሠራችው እናቶችን ማስተማር ከሆነ፣ ልጆቹ የሞቱት እናቶች ስለማያውቁ ነው ማለት ነው? ይህንን አባባል በሥራ ቦታ በየቀኑ እሰማዋለሁ። አንዲት እናት ልጇን ስታጣ የመጀመሪያው ቃል «ምን አድርገሽው ነው?» ነው። እኔ ግን ድህነቱን ነው የማየው። እናንተ ምን ትላላችሁ?
*አንባቢ፣ ከደሴ*

መልስ፦ ሲስተር፣ እኔም እንደ አንቺ ነኝ። ጥፋቱ የእናቶቹ አልነበረም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1912 የሕፃናት ቢሮ ሲያቋቁም ኃላፊ ያደረጋት ጁሊያ ላትሮፕ የምትባል ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ሥራዋ ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ ማጣራት ሆነ። የተመረጠው ጆንስታውን የሚባል የፔንሲልቬኒያ የብረት ፋብሪካ ከተማ ነው። በ1911 የተወለዱትን ልጆች እየተከታተሉ ቤት ለቤት ጠየቁ። ሐኪም ቤት ቁጭ ብለው አልነበረም የሠሩት። የአባቱን ደመወዝ ጠየቁ፣ ቧንቧው የት እንደሆነ ጠየቁ፣ እናቲቱ ከወለደች በስንተኛው ቀን ወደ ሥራ እንደተነሳች ጠየቁ። የተገኘው ይኸው ነው፦ አባቱ በዓመት ከ521 ዶላር በታች በሚያገኝበት ቤት ከ1,000 ሕፃናት 256ቱ ሞተዋል። 1,200 ዶላርና ከዚያ በላይ በሚገባበት ቤት 84። ከተማው አንድ፣ ዓመቱ አንድ። የሀብታሙ ሚስት የበለጠ የእናትነት እውቀት ስላላት ነው እንዴ? አይደለም። ውሃ ቤቷ ይገባል፣ ከወሊድ በኋላ ትተኛለች፣ ልብስ የሚያጥብላት ሰው አላት።

ግን ደግሞ እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ለአንቺ ሥራ የሚጠቅም ስለሆነ ነው የማነሳው። ድህነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሃ ሁሉ እኩል በሞተ ነበር። አልሆነም። በአሜሪካ ከተሞች የነበሩ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ ስደተኞች ከሌሎቹ የተሻለ ኑሮ አልነበራቸውም። ሎወር ኢስት ሳይድ ውስጥ ተጨናንቀው ልብስ ሲሰፉ ነው የሚውሉት። ልጆቻቸው ግን እንደ እነሱው ድሃ ከሆኑ ከሌሎች ስደተኞች ልጆች ያነሰ ነበር የሚሞቱት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከዋናዎቹ አንዱ ግን እናቶቹ ጡት ረዥም ጊዜ ማጥባታቸው ነው። ጡት ያ ሁሉ የተበላሸ ወተት እንዳይገባ የሚከላከል በር ነበር። ስለዚህ የቤከር ነርሶች ሲያስተምሩ ከንቱ አልደከሙም። እናት ድህነቷን በአንድ ቀን ማስወገድ አትችልም። ጡጦውን ማዘግየት ግን፣ ቤት የምትውልበት መንገድ ካላት፣ ትችላለች። «ካላት» የሚለው ላይ ነው ነገሩ ያለው። ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ለምትውል ሴት አጥቢ ብሎ መምከር ብቻውን ምንም ነው።

ቤከር ይህን ታውቅ ነበር። እናቶች ሥራ ሲሄዱ ሕፃኑን የሚይዙት ታላላቅ እህቶቹ፣ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች መሆናቸውን አየች። ይሄ ትክክል አይደለም ብላ አላወገዘችም። ትናንሽ እናቶች የሚል ማኅበር በየትምህርት ቤቱ አቋቁማ ሕፃን እንዴት እንደሚታጠብ፣ እንዴት እንደሚመገብ ለልጃገረዶቹ አስተማረች። እነሱም የተማሩትን ለጎረቤት እናቶች ያወራሉ፤ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶችን ነርሷ ሳትደርስ የደረሱላቸው እነዚህ ልጆች ናቸው። አዋላጆችን በተመለከተም እንዲሁ ነች። ሐኪሞቹ የሰፈር አዋላጆች ይከልከሉ ሲሉ እሷ ይሠልጥኑና ፈቃድ ይሰጣቸው አለች። በ1911 ቤልቪው ሆስፒታል ውስጥ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ሥራው ያስከፋቸው ሰዎችም ነበሩ። ኃላፊ ሆና ስትሾም ከሥሯ የተመደቡት ስድስት ወንድ ሐኪሞች ሴት አታዘንም ብለው መልቀቂያ አስገቡ። አንድ ወር ብቻ ሞክሩኝ አለቻቸው። ወሩ ሲያልቅ አንዳቸውም አልሄዱም። በኋላ ደግሞ ከ30 የሚበልጡ የብሩክሊን ሐኪሞች ለከንቲባው አቤቱታ ጻፉ። ሕፃናቱ ጤነኛ ስለሆኑ ገበያችን ቀዘቀዘ፣ ቢሮው ይዘጋልን የሚል ነበር። እሷ ይህንን እንደ ምስጋና ነው የቆጠረችው፣ እኔም እንደዚያው አየዋለሁ።

ስለዚህ ሲስተር፣ «ምን አድርገሽው ነው?» የሚለውን ጥያቄ ያለፍርሃት ተቃወሚው። ስንት ሰዓት ነው ውሃ የምትቀጂው? ከወለድሽ በስንተኛው ቀን ተነሳሽ? ማን ያግዝሻል? የላትሮፕ ሰዎች የጠየቁት እንደዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አንድ ወዳጄ በድሮ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በመዝናኛ ቦታ ትኬት ተቆርጦባቸው ይታዩ ነበር ይለኛል። አላምንም ብዬ ተከራከርኩት። እውነት ነው? እውነት ከሆነ እንዴት ያለ ጭካኔ ነው?
*አንባቢ፣ ከአትላንታ*

መልስ፦ ጋሼ፣ ወዳጅዎ ልክ ናቸው። ኮኒ አይላንድ፣ ብሩክሊን ባሕር ዳርቻ ያለው የመዝናኛ ቦታ፣ ከ1903 እስከ 1943 ድረስ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ ውስጥ ተኝተው ለሕዝብ ይታዩ ነበር። መግቢያው ውሎ አድሮ 25 ሳንቲም ሆነ። ሰውየው ማርቲን ኩኒ ይባላል። ዶክተር ነኝ ይል ነበር፤ የሕክምና ትምህርት ለመጨረሱ ግን ማስረጃ አልተገኘም።

ጭካኔ ነው ወይ ላሉት፣ እኔ አይደለም እላለሁ። ምክንያቴን ልንገርዎት።

ቀደም ብዬ የጻፍኩት ሁሉ፣ ወተቱም የነርሶቹ ጉብኝትም፣ በደህና ቀኑን ጠብቆ የተወለደውን ልጅ ነው የጠቀመው። ሰባት ወር ላይ የመጣው ልጅ በተቅማጥ አይደለም የሚሞተው። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ይበርደዋል፣ መጥባት ያቅተዋል፣ ትንፋሹ ይቆማል። የቴኔመንት እናቶች እስከ መጨረሻው ቀን ልብስ ሲያጥቡና ሸክም ሲሸከሙ፣ በላይ በላይ ሲወልዱ እንዲህ ያለ ልጅ በየፎቁ ነበር። ሆስፒታሎቹ ደግሞ አይፈልጓቸውም። ከተፈጥሮው ደካማ ነው ይሉና ወደ ቤት ይሸኙታል። ማሞቂያው ውድ ነው፣ ቀንና ሌሊት የሚጠብቅ ነርስ ይፈልጋል፣ ብዙ ሐኪም ደግሞ ድካሙ አያዋጣም ብሎ ያምን ነበር።

ማሞቂያው ራሱ ከፓሪስ ነው የመጣው። ስቴፋን ታርኒዬ የሚባል የማዋለጃ ሐኪም የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ የጫጩት መፈልፈያ አየና ለሕፃናት እንዲሠራለት አዘዘ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በሆስፒታሉ ሥራ ላይ ዋለ። ከሁለት ኪሎ በታች ከሆኑት ሕፃናት 66 በመቶው ይሞቱ የነበሩት ወደ 38 በመቶ ወረዱ። እሱን የተካው ፒዬር ቡዳን ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ እናት ከልጇ አትለይ አለ። የምትለይ እናት ወተቷ ይደርቃል፣ ልቧም ይርቃል ብሎ ነው።

ኩኒ ይህንን ዕውቀት ወደ አሜሪካ አመጣው። ከወላጆች ሳንቲም አይወስድም ነበር። ወጪው የሚሸፈነው ከጎብኚው ትኬት ነው። የሠለጠኑ ነርሶች ነበሩት፣ ጡት የሚያጠቡ ሴቶች ይቀጥር ነበር፤ ወተታቸው እንዳይበላሽ ምን እንደሚበሉ ሳይቀር ይቆጣጠራል። የራሱ ልጅ ሒልደጋርድም ያለጊዜዋ ነው የተወለደችው፤ እዚያው አደገች። በ1920 መንታ ሆነው ከተወለዱ ልጆች አንዷ ሞተች። ሆስፒታሉ ሁለተኛዋም አትተርፍም አለ። አባትየው በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ይዞ ወደ ኮኒ አይላንድ ወሰዳት። 96 ዓመት ኖራ በ2017 ነው ያረፈችው። ኩኒ በሥራ ዘመኑ ከተቀበላቸው 8,000 ያህል ሕፃናት 6,500 አተረፍኩ ይል ነበር። ቁጥሩ የራሱ ነው። ግማሹ ብቻ ቢሆን እንኳን ከሆስፒታሎቹ ይሻላል።

ጭካኔው ሌላ ቦታ ነው ያለው ጋሼ። ሕፃናቱ ለመዳን ከፌሪስ ጎማና ከቋሊማ ሻጭ ጎን መተኛት ግድ የሆነባቸው፣ ሀብታሟ ከተማ ለእነሱ የምታወጣው ገንዘብ ስላልነበራት ነው። ኩኒ ኮኒ አይላንድን የዘጋው በ1943 ነው፤ ያን ጊዜ የከተማዋ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ያለጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት የራሱን ክፍል ከፍቶ ነበር።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ሁሉም ነገር በማሞቂያ አልተፈታም። በነሐሴ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ። ክብደቱ 2 ኪሎ ከ100 ግራም ያህል ነበር፤ ዛሬ ብዙ ቦታ የሚያስጨንቅ ክብደት አይደለም። ሳንባው አልበሰለም ነበርና በ39 ሰዓቱ ሞተ። የዓለም ኃያል ሰው ልጅ! በ1972 ሊጊንስና ሃዊ የሚባሉ የኒውዚላንድ ሐኪሞች ምጥ ቀድሞ ለመጣባት እናት የሚሰጥ መርፌ የልጁን ሳንባ እንደሚያበስል አሳዩ። መርፌው ርካሽ ነው፣ ዛሬ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ይሰጣል። የሚሠራው ግን እናቲቱ ሳትወልድ ከደረሰች ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ በ33 ሳምንቷ ወልዳ ልጇ 1 ኪሎ ከ600 ግራም ነው። ማሞቂያ ውስጥ ቆይቶ አሁን በደረትሽ ታቅፈሽ ያዢው ብለው ቤት ላኳት። አማቷ ማሽን ስለሌላቸው ነው ያሰናበቷት ትላለች። የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር አይበረክትም ብላም አስፈራራቻት። ቅቤም ይዋጥ እያለች ነው። እኔ ምን ልበላት? ባሏስ ማቀፍ ይችላል ወይ?
*አንባቢ፣ ከልደታ፣ አዲስ አበባ*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ማርያም ማረቻት በይልኝ።

በደረት ማቀፉ የማሽን እጥረት ማሟያ አይደለም። አጀማመሩ እውነትም ከእጥረት ነው። በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ ኤድጋር ሬይ የሚባል ሐኪም፣ በኋላም ኤክቶር ማርቲኔዝ፣ ሁለትና ሦስት ሕፃን አንድ ማሞቂያ ሲጋሩና ሲበካከሉ አይተው ለእናቶቹ ደረት ሰጧቸው። ከዚያ ግን በጥናት ተፈተነ። አዲስ አበባ ውስጥ ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር ሠርተው በ2005 ያሳተሙት ጥናት አለ። ክብደታቸው ያነሰ ጨቅላዎችን በሁለት ከፍለው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀመሩ። በተለመደው መንገድ ከተያዙት 38 በመቶ ሲሞቱ ከታቀፉት የሞቱት 22.5 በመቶ ናቸው። በ2021 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ ሕንድ፣ ማላዊ፣ ናይጄሪያና ታንዛኒያ ያስጠናው ወጣ። ከተወለዱ ወዲያው የታቀፉት፣ መጀመሪያ ማሞቂያ ውስጥ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት ይልቅ ሞታቸው በሩብ ቀነሰ። ማሞቂያ ባለበት ሆስፒታል ነው ይህ የተደረገው። አሁን ምክሩ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ የቻለችውን ያህል ነው።

ለአማቷ በአክብሮት እንዲህ በያት። የሰባትና የስምንት ወሩ ነገር ትክክል አይደለም። በማሕፀን የቆየበት እያንዳንዱ ሳምንት ለልጁ ይጠቅመዋል። ቅቤ፣ የስኳር ውሃ፣ አብሽ፣ ምንም አይግባ። የሆድ ዕቃው ገና ነው፣ ሎወር ኢስት ሳይድ ሕፃናትን የጨረሰው በአፍ የገባው ነገር ነበር። የእናት ጡት ብቻ። መጥባት ከደከመው ጡቷን አልባ በኩባያ ትስጠው፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቀስቅሳ። ጉንፋን የያዘው አራስ ጠያቂ አይግባ። የገባም እጁን ይታጠብ። አማቷ መርዳት ከፈለገች ትልቅ ሥራ አላት፦ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማጠብ፣ እህትሽ ልጇን ታቅፋ እንድትቀመጥ ማድረግ።

አያያዙ እንዲህ ነው። ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ ቀጥ ብሎ በሁለቱ ጡቶች መካከል ይሆናል። ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ አገጩ አይደፋ፣ አፍንጫው አይታፈን። እግሮቹ ተከፍተው ይታጠፋሉ። ከላይ በነጠላ ወይም በሻሽ ጠበቅ ብሎ ይታሰራል። እሷም ስትተኛ ጀርባዋን በትራስ ከፍ አድርጋ ትጋደም። የቀጠሮ ቀን አይለፍ፣ በየቀጠሮው ይመዘን።

ጡት እንቢ ካለ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ ከዛለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ እስከ ነገ አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። በ2016 እና 2018 መካከል በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ከ4,900 በላይ ሕፃናት ተጠንተው ነበር። ከሞቱት አብዛኞቹን የወሰዱት የሳንባ አለመብሰል፣ ኢንፌክሽንና በወሊድ ጊዜ መታፈን ናቸው። የሳንባውን አደጋ የእህትሽ ልጅ ብዙውን አልፎታል። ኢንፌክሽኑን ግን እናንተ ናችሁ የምትጠብቁለት።

ባሏም ማቀፍ ይችላል። ሸሚዙን አውልቆ፣ ታጥቦ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ አቁሞ፣ በዚያው አያያዝ። እሷ ስትታጠብና ስትተኛ እሱ ይያዘው። አያትም፣ አንቺም ትችያላችሁ።